ኔት የሚመረጠው በብሎክ ነው

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የምሠራው ከቤት ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከእናቴ ጋር። ከደንበኞቼ ግማሹ ውጭ ነው የሚኖረው። ሠርጉ እዚህ ይደገሳል፣ መልሱም ቅልቅሉም እዚህ ያልቃል፣ ሙሽሮቹ በሳምንታቸው ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ ይበራሉ፣ ከዚያ ሻንጣ እንኳ ሳይፈቱ "ቪዲዮው የት ደረሰ?" ይጀመራል። ስለዚህ ኔት ለእኔ መዝናኛ አይደለም። እንጀራ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ የአንድ ሠርግ ሙሉ ፊልም ልልክ ተቀመጥኩ። 12 ጊጋ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አፕሎድ አስጀምሬ ኮምፒውተሩ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ሳየው 91 ፐርሰንት። ተመስገን ብዬ ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ቆሟል። ትንሽ ጠበቅኩት። እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ከዜሮ! በማግስቱ ሙሽራው ደወለ፤ "ወንድሜ፣ የእሷ ዘመድ በሙሉ ሳሎን ተሰብስቦ ቡና ተፈልቶ እየተጠበቀ ነው እኮ።" ምን ይባላል? ጨጓራዬ ተላጠ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ ማጥናት የጀመርኩት። እስካሁን ሦስት ዓይነት ኔት ሞክሬያለሁ፣ ሦስቱም ላይ ብር አጥፍቻለሁ። እናንተ ደግማችሁ እንዳታጠፉ ያየሁትን ልጻፍ። የኩባንያ ስም እየጠራሁ አልከስም፤ ደግሞም ቆይታችሁ እንደምታዩት ብዙው ጥፋት የገዛ ቤቴ ነበር።

መጀመሪያ ያገኘሁት የሰፈር ኔት ነው። ከአራት ኪሎ ተነስተን እዚህ እንደገባን አንድ ልጅ አስተዋወቁኝ፤ በራሱ ስም አንድ መስመር አስገብቶ በደረጃው ኬብል እየጎተተ ለየቤቱ ያከፋፍላል። ወርሃዊው ትንሽ ነው። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ተራ መጠበቅ የለ። ጠዋት ነግሬው ማታ ገባልኝ። ቀን ቀን ይሮጣል፣ እኔም "ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?" ብዬ ነበር። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሰው ከሥራ ይገባል፣ ልጆች ስልክ ይይዛሉ፣ የየቤቱ ቲቪ ዩቲዩብ ላይ ይከፈታል፣ እኔ ጋ ኢሜይል እንኳ መከፈት ያቅተዋል። ለስንት ቤት ነው የምታከፋፍለው ብዬ ስጠይቀው ምንም ሳይመስለው "ብዙ አይደለም፣ ለአስራ አንድ" አለኝ። መስመሩ 10 ሜጋ ነው። አስሉት። አንድ አንድ ሜጋ እንኳ አይደርሰንም።

እሱም ባልከፋ። የከፋው ራውተሩም ፓስወርዱም የእሱ መሆኑ ነው። አንድ ፋሲካ ቤቱን ቆልፎ ክፍለ ሀገር ሄደ። ቅዳሜ ምናልባት መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ነው መሰለኝ ነገሩ ጠፋ፤ ማጥፊያ ማብሪያው እሱ ቤት ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ከእሱ ጋር ደብረ ብርሃን ነው። አራት ቀን አስራ አንድ ቤት ያለ ኔት ዋለ። አንድም ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበት ቦታ የለም፤ ውል የለማ! ርካሽ ነው፣ ለዋትስአፕና ለቴሌግራም ይበቃል፣ በኔት የሚተዳደር ሰው ግን ባይሞክረው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ሲም የሚገባበት ራውተር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ለረጅም ጊዜ እዚህ አገር "የትኛውን ኔት ላስገባ?" የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ ከስልክ ጋር በሚመጣው የመዳብ ሽቦ ኔት ታስገባላችሁ ወይ አታስገቡም፣ በቃ። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ነው የ07 ሲም ኪሳችን የገባውና ሰው ማወዳደር የጀመረው። ሳፋሪኮም የመጣው በዋናነት በሞባይል ኔትወርክ ስለሆነ ቤታችሁ የሚገባው በአየር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ አሮጌው መዳብ አለው፣ ፋይበር (ኔቱን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን የመስታወት ሽቦ) አለው፣ በ2007 አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ፎር ጂ አለው፣ ከግንቦት 2014 ወዲህ ደግሞ ፋይቭ ጂ ያለባቸው ቦታዎች አሉት። አንዳንድ ሰፈር የግል ድርጅቶች ፋይበር ሲያስገቡም ታያላችሁ።

ታዲያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "የቱ ይሻላል?" ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው "የት ነው ቤትህ? ስንተኛ ፎቅ? መስኮትህ ወዴት ነው የሚያየው?" ብዬ ነው። ያሾፍኩ ይመስላቸዋል። እውነቴን ነው። አንዱ ኩባንያ ለሜክሲኮ ጓደኛዬ ወርቅ ነው፣ እኔ ጋ ግን በረንዳ ላይ ካልቆምኩ አይያዝም። ሌላው ደግሞ የእኛ ብሎክ ላይ ጥሩ ነው፣ ከእኛ ማዶ ያለው ብሎክ ላይ ሲም ማስገባት ትርፉ ድካም ነው፤ አንቴናው በየት በኩል እንደሆነና መሃል ምን ሕንፃ እንደቆመ ነው የሚወስነው።

የሲም ራውተር ስገዛ የሠራሁት ስህተት ሳልሞክር መግዛቴ ነው። ሱቅ ውስጥ አበሩልኝ፣ ሲሮጥ አየሁ፣ ከፈልኩ፣ ተሸክሜ መጣሁ። ሱቁ ያለው ቦሌ ነው፤ እኔ የምኖረው ልደታ ነው። ቤት ስከፍተው ሳሎን ውስጥ 6 ሜጋ፣ መስኮት ላይ 20 ሜጋ። ሦስት ሳምንት ራውተሩን በመጋረጃ እየሸፈንኩ መስኮት ላይ አኖርኩት። ማታ ማታ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያንኑ አንቴና ሲጠባ፣ መስኮት ላይም ቢሆን ይወርዳል። ያቺ 91 ፐርሰንት ላይ የቆመችው ሠርግ የዚህ ራውተር ሥራ ነች።

አሁን ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ የሁለቱንም ሲም አስገባለሁ። ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆሜ ስፒድ ቴስት እሠራለሁ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ግን ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ቢያንስ ሦስት ቀን። አንዱ ቀን እሑድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤት ይውላልና። የጠዋቱን ውጤት ርሱት። ጠዋት ሁሉም ኔት ጥሩ ነው። የሲም ዋጋ ከራውተር ዋጋ ጋር ስለማይወዳደር ሙከራው ቢከሽፍ እንኳ የከሰራችሁት ጥቂት ነው።

ስፒድ ቴስት ስትሠሩ ደግሞ ሰው የሚያየው ትልቁን ቁጥር ነው፣ ዳውንሎዱን። እኔን የሚያኖረኝ ትንሹ ነው፣ አፕሎዱ። ሲም ራውተሩ ላይ አፕሎዱ ከ4 ሜጋ አያልፍም ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ ኔት የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት ነው፣ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። የእኔ 12 ጊጋ ፋይል በቢት ሲሆን 96 ጊጋ ነው። በ4 ሜጋ ስታካፍሉት 24 ሺህ ሰከንድ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ያውም ለአንዲት ሰከንድ ሳይቋረጥ! እኔ ይህን ቀድሜ ባሰላ ኖሮ ለሙሽራው "ነገ ጠዋት ይደርስሃል" አልለውም ነበር። እናንተም የምትሸጡት፣ የምታስተምሩት ወይ በቪዲዮ የምትሰበሰቡት ነገር ካለ "አፕሎዱስ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ደውሎ ይጠይቅላችሁ።

"ያልተገደበ" የሚለውንም ቃል ዝም ብላችሁ አትመኑት። ያልተገደበ ሲባል አንዳንዴ ጊጋው አያልቅም ማለት ነው እንጂ ፍጥነቱ አይወርድም ማለት አይደለም። ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ይቀንሳል ወይ? ስንት ሜጋ ላይ ይወርዳል? ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋ ሲነግሯችሁም 15 ፐርሰንቱ ቫት ገብቶበት ነው ወይስ ገና ነው? ራውተሩ የእናንተ ይሆናል ወይስ ኪራይ ነው? ቤት ብትቀይሩ መስመሩ ይዞራል ወይስ እንደ አዲስ ትከፍላላችሁ? ይህ የመጨረሻው ለተከራይ በጣም አስፈላጊ ነው፣ የቤት ኪራይ እንደምታውቁት ነው።

ወደ ፋይበር ልምጣ። እዚህ ጋ ነው ብሎክ የሚለው ነገር በደንብ የገባኝ።

ፋይበር ልመዘገብ ስሄድ "ያንተ ብሎክ ላይ ፖርት የለም" አሉኝ። ፖርት ምንድን ነው አልኩ። አንድ የፋይበር መስመር ወደ ሰፈር ይመጣል፣ ከዚያ ብርሃኑን በሚከፋፍል ትንሽ ዕቃ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል፤ ደረጃው ላይ የምታዩዋት ነጭ ሣጥን ውስጥ የየቤቱ መሰኪያ አለ፣ እሱ ሲሞላ ሞላ ነው። ሌላ ሣጥን እስኪተከል መጠበቅ ነው። መቼ እንደሚተከል የሚነግር ሰው አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ተስፋ ቆረጥኩ።

ያዳኑኝ ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው ሁላችንም፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። ኔት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የተመለሰበትን ሰዓት፣ ሲደውሉ የተሰጣቸውን የቅሬታ ቁጥር፣ በጎን ደግሞ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ይመዘግባሉ። ለምን ይጽፋሉ ስላቸው "ልጄ፣ ሳይጻፍ የሚቀር ዕዳ የማን እንደሆነ አይታወቅም" አሉኝ። ደብተሩን ሲያሳዩኝ የሦስት ወር ነበር። ፋይበሩ አምስት ጊዜ ጠፍቷል፤ ከአምስቱ ሦስቱ አጠገብ በቀይ "መብራት የለም" ይላል። ማለት ኔቱ አይደለም የጠፋው፣ የጋሼ ራውተር ነው መብራት ያጣው። ከዚህ የተሻለ መረጃ የትም ማስታወቂያ ላይ አታገኙም። ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ወደ ካናዳ እንደሄዱና መስመራቸው ዝም ብሎ እንደተቀመጠ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የሰዎቹን እህት አግኝቼ መስመሩን ሄደው እንዲዘጉ ለመንኩ። ዘጉ። ፖርት ተለቀቀ። በዘጠነኛው ቀን ፋይበር ገባልኝ።

እንግዲህ ቤት ከመከራየታችሁ ወይም ኔት ከመመዝገባችሁ በፊት ደረጃው ላይ ያለችውን ሣጥን እዩ። ከእናንተ በላይና በታች ያለውን ሰው አንኳኩ። "እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ? ማታስ?" በሉ። ሰው በኔት ጉዳይ እንደታመመ ሰው ነው፣ አንድ ጠይቃችሁት አስር ይነግራችኋል። ጥበቃውንም ጠይቁት፤ ቴክኒሻን ለየትኛው ቤት ቶሎ ቶሎ እንደሚመላለስ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደላላውን ግን አትጠይቁ። ደላላ ዘንድ ሁሉም ቤት "ዋይፋይ ያለው" ነው።

ፋይበር ከገባ በኋላ ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ። ለሁለት ወር ነበር። አፕሎዱ 10 ሜጋ ስለሆነ ያቺ የ6 ሰዓት ከ40 ሥራ በ2 ሰዓት ከ40 አለቀች። ከዚያ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ መቆራረጥ ጀመረ። ይመጣል፣ ይሄዳል። ራውተሩ ላይ ሎስ የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህቺን መብራት እወቋት፤ ቀይ ስትሆን ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፣ ራውተር እያጠፋችሁ ብታበሩ ለውጥ የለውም። ደወልኩ። ተሳደብኩም መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ቴክኒሻን መጣች። ትንሽ ልጅ ነች፤ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማለች። መጀመሪያ የፋይበሩን ጫፍ ከራውተሩ ነቅላ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ላይ ሰካችው። ከዜሮ በታች 29 አነበበ። "ከዜሮ በታች 27ን አልፎ ከወረደ ራውተሩ ብርሃኑን ማንበብ ያቅተዋል" አለችኝ። ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ያለውን ሣጥን ከፍታ ለካች። ከዜሮ በታች 19። እሺ፣ ሣጥኑ ጋ ደህና ከሆነ ችግሩ በሣጥኑና በእኛ ቤት መሃል ነው። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ የሚመስል ነገር አወጣች፤ ጫፉ ቀይ ብርሃን ይተፋል። እሱን ፋይበሩ ላይ ሰክታ "መብራት አጥፉልኝ" አለች። አጠፋን። ቤቱ ጨለመ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ ቀጭኗ ሽቦ እንደ ፍም ቀልታ ታበራለች። እዚያ ቦታ ላይ ተቆልምማ ብርሃኑ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው።

"ማዘር፣ ቁምሳጥኑን ማን ገፋው?" አለች ልጅቷ።

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ "ለበዓል ቤቱን ሳጸዳ ትንሽ ነው ያስጠጋሁት፣ ልጄ" አለች።

ቁምሳጥኑን በአንድ ጣት ያህል ሳብነው። ሽቦዋን አቃናችው፣ በሰፊው አጥፋ በፕላስተር ያዘችው። ለካች። 20። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሦስት ቀን የሰደብኩት ድርጅት አንድም ጥፋት አልነበረበትም። እናቴ ለልጅቷ ቡና ካልጠጣሽ ብላ አልለቃትም አለች። ፋይበር መስታወት ነው፤ መዳብ ታጥፎ ይሠራል፣ ይኸኛው ግን ከታጠፈ አለቀ። ሲያስገቡላችሁ ወንበርና ቁምሳጥን የማይደርስበት በኩል እንዲያልፍ ለምኑ። ትንሽ ተጨማሪ ሽቦም ተጠቅልሎ እንዲተውላችሁ ጠይቁ፣ ኋላ ዕቃ ስትቀይሩ ትጠቀሙበታላችሁ።

ቤት ውስጥ ያለው ሁለተኛው ችግር ዳንቴሉ ነበር። አዎ፣ ዳንቴል። እናቴ ራውተሩ አያምርም ብላ ከቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስገባችው፣ ከላዩ ዳንቴል አልብሳ ጸበል የምትይዝበትን ፕላስቲክ አስቀመጠችበት። ከፊቱ የቡፌው መስታወት፣ ከኋላው ግድግዳ፣ ጎኑ ቲቪ። መኝታ ቤት ሆኜ ስለካው 8 ሜጋ ነው፣ ከቡፌው አውጥቼ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጠው በዚያው አልጋ ላይ 31 ሜጋ ሆነ። ስነካው ደግሞ እንደ ምጣድ ይሞቅ ነበር።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋይፋይ የራሱ ጣጣ አለው። ስልኬ ላይ ስፈልግ የሃያ ቤት ስም ይመጣል። ባለ 2.4 የሚባለው ሞገድ ግድግዳ ያልፋል፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ግን እርስ በርስ የማይነካኩ ሦስት መንገዶች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሃያ ቤት በሦስት መንገድ ላይ ነው የሚጋፋው። ባለ 5 የሚባለው ፈጣንና ሰፊ ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ስለዚህ ሳሎን ላሉት ነገሮች ባለ 5ቱን፣ ርቆ ላለው ስልክ ባለ 2.4ቱን ተጠቀሙ። እኔ የሥራ ኮምፒውተሬን ከሁለቱም ገላግዬዋለሁ። መርካቶ ሄጄ 15 ሜትር ኬብል ገዝቼ በበሩ ጉበን ላይ አሳልፌ በቀጥታ ሰካሁት። ለኔት ካወጣሁት ብር ሁሉ የማልቆጭበት የመጀመሪያው ይህ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ኔት ሲንቀረፈፍባችሁ ኮምፒውተር ላይ ፒንግ ሥሩ፤ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ መምጣቱን የሚያይ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ወደ ራውተሩ ራሱ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ራውተሩ ሥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ወደ 8.8.8.8፣ እሱ የጉግል ነው። የመጀመሪያው እየተቆራረጠ ከሆነ ነገሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ዋይፋዩ ነው፣ ርቀቱ ነው፣ ዳንቴሉ ነው። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከተቆራረጠ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፣ ያኔ ደውሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700። የቅሬታ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልክ አትዝጉ። በሁለተኛው ጥሪ "ከዚህ በፊት ደውዬ ነበር" ማለትና ቁጥሩን መጥራት ልዩነት አለው። ይህንንም ከጋሼ ደብተር ነው የተማርኩት።

አልፎ አልፎ ደግሞ የማንም ጥፋት የማይሆንበት ቀን አለ። ባሕር በር ስለሌለን ወደ ውጭ የሚወጣው ኔት በጎረቤት በኩል፣ በጅቡቲም በሌላውም፣ ሄዶ ነው የባሕር ሥር ኬብል የሚያገኘው። በ2016 የካቲት ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ የተረበሸው አንድ አገር ብቻ አልነበረም። እንዲህ ባለ ቀን የአገር ውስጡ ሁሉ እየሠራ የውጭው ብቻ ይንቀረፈፋል። ያኔ ኩባንያ መቀየር ታክሲ መቀየር ነው፤ መንገዱ ያው ነው።

የመብራቱን ነገር ሳልናገር ባልፍ ጋሼ ይቆጡኛል። መብራት ሲሄድ ኔት አብሮ የሚሄድ ይመስለን ነበር። ለካ ፋይበር ላይ ያቺ ደረጃው ላይ ያለችው ሣጥን ኤሌክትሪክ አትፈልግም፤ ብርሃን ብቻ ነው የምታሳልፈው። የማስተላለፊያ ጣቢያው ባትሪና ጄኔሬተር ካለው መስመሩ በመብራት መሄድ አይሞትም። የሚሞተው የእናንተ ራውተር ነው። ራውተሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው የሚፈልገው። ለዚህ የሚሆን ትንሽዬ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ አለ፣ መጠኑ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ስትገዙ የራውተራችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫፉ ካልገጠመ አይሰካም፣ ቮልቱ ከበለጠ ደግሞ ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የእኔ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ዩፒኤስ አለው፤ ብሎኩ በሙሉ ጨልሞ እኔ አፕሎድ አደርጋለሁ። ጎረቤት ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ "አንተ ጋ ኔት አለ እንዴ?" ይላል፣ እኔም እንደ ሀብታም ነኝ።

የሲም ራውተሩንስ ምን አደረግኩት? አልሸጥኩትም። ያኔ ያናደደኝ ዕቃ አሁን መጠባበቂያዬ ነው። ወርሃዊ ፓኬጅ አልሞላበትም፣ ሲያስፈልግ ብቻ የቀን እገዛለሁ። ባለፈው ዋናው መንገድ ላይ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆርጦ ሁለት ቀን ከግማሽ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ራውተሩን መስኮት ላይ መለስኩት። ቀስ ይላል፣ ግን ሥራ አልቆመም። ከቻላችሁ መጠባበቂያችሁን ከዋናው ከተለየ ኩባንያ ያዙ፤ ዋናችሁ የ09ኙ ከሆነ መጠባበቂያው የ07ቱ ይሁን፣ ወይም በተቃራኒው። ሁለቱም በአንድ ቀን የሚጠፉበት ጊዜ እምብዛም ነው። አፕሎድ የማደርግበትንም መንገድ ቀይሬያለሁ፤ መስመር ሲቆረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፣ ፊልሙንም ቆራርጬ እልካለሁ። 91 ፐርሰንት ላይ ቢቆም 91 ላይ ይጠብቀኛል።

ያ ሙሽራ አሁን የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው፣ ቪዲዮውን እኔው ነኝ የምሠራለት። ሲደውል መጀመሪያ የጠየቀኝ "ኔት እንዴት ነው?" ብሎ ነው።

ራውተሩ አሁን መደርደሪያው ላይ ራቁቱን ተቀምጧል። ዳንቴሉ ዩፒኤሱ ላይ ነው። እናቴ "እሱ አይሞቅም" ብላለች። ይሞቃል፤ ግን ቁምሳጥኑን እንዳትገፋብኝ ዝም ብያለሁ።